«ሊፈቀድ ይችላል» ማለት ተፈቅዷል ማለት ነው? ስለ ውጭ አገር ምድብ የቤት አበል

ወለላ፦
ጤና ይስጥልኝ። ይህን መድረክ ለረጅም ጊዜ በዝምታ ሳነብ ኖሬ ዛሬ ገና መጻፌ ነው፤ ሲቸግር አይደል ሰው አፉን የሚከፍተው።

የምሠራው ቨርጂኒያ ውስጥ ለአሜሪካ ፌደራል መንግሥት ነው፤ ደረጃዬ በፌደራሉ የሲቪል ሠራተኞች የደሞዝ ሠንጠረዥ ጂ ኤስ 11። ባለፈው ሳምንት ጀርመን፣ ቪስባደን ላለ የጦር ሠራዊቱ ሲቪል መደብ በጂ ኤስ 12 ተመርጠሻል የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። ደስታው ሁለት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን የሥራ ማስታወቂያውን ደግሜ ሳነብ «የመኖሪያ ቤት አበል ሊፈቀድ ይችላል» የሚል አንድ መስመር አገኘሁ። ኢሜይሉ ላይ ግን ስለ ቤት አንድም ቃል የለም። ባለቤቴ ሥራውን ለቅቆ ሊከተለኝ ነው፤ ሁለት ልጆች አሉን፣ ትልቁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። መልስ የምሰጥበት ቀን እየቀረበ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የታናሽ ወንድሜ ነው። እዚያው ጀርመን ከሠራዊቱ በክብር ተሰናብቶ ለአንድ ኮንትራክተር ሦስት ዓመት ሠራ፤ ከዚያ የተሻለ ደሞዝ ስላገኘ ወደ ሌላ ኮንትራክተር ተዛወረ። አሁን እርሱም ለመንግሥት መደብ አመልክቷል። «ወደዚህ ያመጣኝ መንግሥት ነው፤ አበሉ ይገባኛል» ብሎ ድርቅ ብሏል። እውነት ይገባዋል?

ሰነድ ሰብሳቢ፦
እንኳን ደስ ያለሽ፣ እኅቴ። ያቺን «ይችላል» የምትል ቃል ግን ቀላል አድርገሽ አትያት። ማስታወቂያውን የጻፈው ሰው በስህተት አልጻፋትም።

እኛ በየቤታችን ኤል ኪው ኤ እያልን የምንጠራው አበል መሠረቱ በአሜሪካ ሕግ ርዕስ 5 ቁጥር 5923 ነው። ዝርዝሩን የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በሚያወጣው ደንብ ምዕራፍ 130 ታገኚዋለሽ። መከላከያ ደግሞ በላዩ የራሱን መመሪያ ጨምሮበታል፤ 1400.25፣ ቅጽ 1250 ይባላል። ይህ መመሪያ በግልጽ የሚለው፣ የውጭ አገር አበል የደሞዝ ተቀጽላ ወይም ሠራተኛው እንደ መብት የሚጠይቀው ነገር አይደለም ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚኖር ዜጋ ቤቱን ዘግቶ ባሕር እንዲሻገር የሚያባብሉበት ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው «ቤት ትከራያለሽ ወይ?» ሳይሆን «አንቺን ለማምጣት ማባበያ አስፈልጎ ነበር ወይ?» ነው።

አንቺ ስታመለክቺም፣ ስትቀበዪም ነዋሪነትሽ አሜሪካ ነው። ከአሜሪካ የተቀጠረ ይባላል፤ አቋምሽ ጥሩ ነው። ጥሩ አቋምና የተፈረመ ወረቀት ግን ለየቅል ናቸው። ሥራውን እቀበላለሁ ከማለትሽ በፊት ለሰው ኃይል ቢሮው ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቂ፦ አበሉ ለዚህ መደብ ተፈቅዷል ወይ፣ እኔ ብቁ ነኝ ወይ፣ ብቁ የሆንኩት በየትኛው አንቀጽ ነው። በስልክ «አትጨነቂ» ካሉሽ አመስግነሽ «በኢሜይል ይላኩልኝ» በዪ።

ይህን ያህል የምወተውትሽ ስለ ደሞዙ ነው። አሜሪካ ውስጥ እንደየሥራ ቦታው በመሠረታዊው ደሞዝ ላይ የሚታከለው፣ የአካባቢ ጭማሪ የሚባለው፣ ውጭ አገር አይከፈልም። ሁለቱንም ደረጃ በመጀመሪያው እርከን ወስደን የ2024ን ሠንጠረዥ ብናይ፣ በዋሽንግተን አካባቢ ጂ ኤስ 11 በዓመት 82,764 ዶላር ነው፤ ውጭ አገር የሚሠራው ጭማሪ የሌለው ጂ ኤስ 12 ደግሞ 74,441። የዕድገት ደብዳቤ ይዘሽ ስምንት ሺህ ዶላር ከነምናምኑ ትወርጃለሽ ማለት ነው። ከዚያ ላይ የአራት ሰው ቤት ኪራይ ከኪስሽ ክፈዪ ብትባዪ ሂሳቡን አንቺው ሥሪው። አበሉ ካለ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከፌደራል የገቢ ግብር ነጻ ነውና።

በረዶ ጠራጊ፦
ሰውን ባታስፈራሩ ምን አለበት? አንድ ጓደኛዬ ሽቱትጋርት ሲሄድ ማንንም ምንም አልጠየቀም፤ ከነቤተሰቡ ገባ፣ ቅጹን ሞላ፣ ገንዘቡ በየሁለት ሳምንቱ ከደሞዙ ጋር ገባለት። ወንድምሽም ወታደር ሆኖ መጥቶ እዚያው ከቀረ ይሰጠዋል። እኔ የማውቃቸው ሦስት ሰዎች እንደዚያ ሆነው ሲበሉት ኖረዋል።

ደብዳቤ ያዥ፦
«ሲበሉት ኖረዋል» ያልከው ልክ ነው፣ በረዶ ጠራጊ። ከዚያስ? ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ የአሜሪካ መከላከያ ውጭ አገር እያሉ የተቀጠሩ ሲቪል ሠራተኞቹን ፋይል በሙሉ አስመረመረ። ከ600 በላይ ሠራተኞች አበሉን ያገኙት ያለ አግባብ ነው ተባለ። አብዛኞቹ አልዋሹም፣ ሰነድም አልደበቁም። ብቁ ናችሁ ያላቸው የየራሳቸው የሰው ኃይል ቢሮ ነበር። ቢሆንም ለዓመታት የተከፈላቸው እንደ ዕዳ ተቆጠረ፤ ከ100,000 ዶላር በላይ የተጻፈበት ሰው ብዙ ነበር። ሕጉ ዕዳ እንዲሰረዝ ማመልከት ይፈቅዳል፤ ማመልከትና እንቅልፍ መተኛት ግን አብረው አይሄዱም።

እኔ ከነዚያ አንዱ አልነበርኩም። አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ግን ነበር፤ በየጧቱ ፖስታ ሳጥኑን ሲከፍት እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ስሜን ደብዳቤ ያዥ ያልኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ወለላ ሆይ፣ የወንድምሽ ጉዳይ ያንኑ ጉድጓድ ነው የሚረግጠው። ውጭ አገር እያለ የተቀጠረ ሰው አበል እንዲያገኝ ደንቡ የሚጠይቀው ይህን ነው፦ መጀመሪያ ከአሜሪካ የመለመለው የአሜሪካ መንግሥት ወይም ሠራዊቱ፣ የአሜሪካ ድርጅት፣ ዓለም አቀፍ ድርጅት ወይም የውጭ መንግሥት መሆን አለበት። ከዚያም እስከ ቅጥሩ ድረስ «በዚያው ቀጣሪ» ዘንድ ሳያቋርጥ ሠርቶ፣ ቀጣሪው ወደ አሜሪካ የመመለሻ ጉዞውን ሊከፍል ግዴታ የገባለት መሆን አለበት። «በዚያው» የምትለው ቃል በነጠላ ነው የምትተረጎመው። ወታደር ነበርኩ፣ ከዚያ አንድ ኮንትራክተር፣ ከዚያ ሌላ ኮንትራክተር ሲባል ሰንሰለቱ ተበጥሷል። በ2013 የተያዙት አብዛኞቹ በዚችው ቃል ነው የወደቁት።

በረዶ ጠራጊ፦
ይህን አላውቅም ነበር። የማውቃቸው ሦስቱ ከ2013 በፊት የነበሩ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደደረሰባቸው ጠይቄ አላውቅም። ልጠይቅ ወይስ ይቅርብኝ?

ደብዳቤ ያዥ፦
ይቅርብህ። ቁስል አትነካካ።

ሳጅን በጡረታ፦
በወታደር ወገን ነገሩ ሌላ መሆኑን ወለላ ለወንድሟ ብታስረዳው ጥሩ ነው፤ ይህ ልጅ ሁለቱን አምታቷል መሰለኝ። ዩኒፎርም ለብሰን ውጭ ስንመደብ የሚሰጠን የቤት አበል ኦ ኤች ኤ ይባላል። ቤተሰብ ይዞ የወጣ ወታደር የኪራይ ጣሪያ የሚወጣው ከመቶው የሰማንያውን ኪራይ ሙሉ በሙሉ እንዲሸፍን ሆኖ ነው። ውል ተፈርሞ፣ ዲ ዲ 2367 የሚባለው ቅጽ ተሞልቶ ይከፈላል። አሜሪካ ውስጥ እንዳለው የወታደር ቤት አበል ርካሽ ቤት ይዘህ ትርፉን ኪስህ አትከትም፤ የሚሰጥህ የተከራየህበትን ያህል ነው። ዩኒፎርሙን ያወለቀ ዕለት ግን ይህ ሁሉ ከትከሻ ላይ አብሮ ይወርዳል። ሲቪል ሆነህ ስትመለስ እንደ አዲስ ሰው ነው የምትመዘነው። አገልግሎቱ ለጡረታና ለፈቃድ ቀን ሊቆጠርለት ይችላል፤ ለቤት ኪራይ ግን ብቻውን አይበቃም።

የቪስባደን ጎረቤት፦
ወለላዬ፣ ወረቀቱ ያልቃል፤ ስለ ቤቱ ደግሞ እኔ ልንገርሽ። አምስት ዓመቴ ነው እዚህ።

ስትደርሺ መጀመሪያ ሆቴል ትገቢያለሽ። ለዚያ የቤት አበሉ ሳይሆን የጊዜያዊ ማረፊያ አበል ነው የሚከፈለው፤ ቲ ኪው ኤስ ኤ ይሉታል። እስከ 90 ቀን ይሄዳል፤ አሳማኝ ምክንያት ካለ እስከ 60 ቀን ይራዘማል። ከፍተኛው መጠን ከከተማው የውሎ አበል በመቶኛ ይሰላል። በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ለአንደኛው ሰው 75፣ 12 ዓመት ለሞላው ተጨማሪ ሰው 50፣ ከዚያ በታች ላለ ልጅ 40 ነው። ለአንቺ ቤት 205 በመቶ መጣ። በሁለተኛው ወር 180፣ በሦስተኛው 155 ይሆናል። እየቀነሰ የሚሄደው ቶሎ ቤት ፈልጊ ለማለት ነው። ደረሰኝ አትጣዪ፤ የምግቡንም የልብስ እጥበቱንም።

ከዚያ ቤት ፍለጋው። ጀርመኖች ኪራይን «ቀዝቃዛ» እና «ሙቅ» ብለው ይከፍሉታል። ካልትሚተ ባዶው ቤት ነው፤ ቫርምሚተ ማሞቂያውንና የሕንፃውን ወጪ ጨምሮ ነው። ማስታወቂያ ላይ በደማቁ የሚጻፈው ቀዝቃዛው ነው፤ እርሱን አይተሽ ደስ እንዳይልሽ። የቤት አበሉ ሁለቱንም ይሸፍናል፤ ኪራይ፣ ማሞቂያ፣ መብራት፣ ጋዝ፣ ውኃ። ስልክና ኢንተርኔት የራስሽ ነው።

መያዣ ገንዘብም አለ። ሕጉ እስከ ሦስት ወር ቀዝቃዛ ኪራይ እንዲጠየቅ ይፈቅዳል፤ ተከራይ በሦስት ጊዜ ከፍሎ የመጨረስ መብት አለው። ገንዘቡ ተመላሽ ስለሆነ አበሉ አይከፍልልሽም፤ ከወዲሁ ቆጥቢ። ደላላን በተመለከተ ከ2015 ወዲህ የሚከፍለው ያዘዘው ነው የሚል ሕግ አለ፤ አከራዩ የቀጠረውን ደላላ አንቺ ላይ ሊጭን አይችልም። ይህን የማያውቅ አዲስ ገቢ ሁሌም ያገኛሉ።

ብዙ ቤት ወጥ ቤት የለውም። ማለቴ ክፍሉ አለ፤ መደርደሪያው፣ ምድጃው፣ ማጠቢያው የለም፤ የቀድሞው ተከራይ ነቅሎ ሄዷል። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቤት ውስጥ ከግድግዳ የወጣ ቧንቧ ብቻ ነበር። ሌባ ገብቷል ብዬ ደነገጥኩ፤ አከራይዋ ግን ፈገግ ብላ መታጠቢያ ቤቱን ልታሳየኝ ሄደች።

ውሉ ከመፈረሙ በፊት የጦር ሠፈሩ የቤቶች ጽሕፈት ቤት እንዲያየው አድርጊ፤ በሁለት ቋንቋ የተዘጋጀ ውል አላቸው። ድንገት ብትዛወሪ ውሉን በአጭር ማስጠንቀቂያ ለማቋረጥ የሚያስችል አንቀጽ መኖሩን አረጋግጪ፤ ያለዚያ የተለመደው ሦስት ወር ነው። ሌላው፣ የሠራዊቱ ሰዎችና ሲቪል ሠራተኞቹ ለመብራትና ለውኃ ከጀርመን የተጨማሪ እሴት ታክስ የሚድኑበት ፕሮግራም አለ። ታክሱ ለመብራት 19 በመቶ ስለሆነ ለማመልከት የምታጠፊው አንድ ጧት አይቆጭሽም።

ሰነድ ሰብሳቢ፦
ጎረቤት በደንብ ነገረችሽ። እኔ አንድ የምታቃጥለኝ ነገር አለች፤ እርሷን ልጨምር።

የቤት አበሉ ጣሪያ አለው። ጣሪያው የሚወሰነው በከተማው፣ በደረጃሽና በቤተሰብሽ ቁጥር ነው። ከጂ ኤስ 10 እስከ 13 አንድ ምድብ ስለሆነ ዕድገትሽ እዚህ ላይ ለውጥ አያመጣም፤ ቤተሰብ ሲበዛ ግን ከ10 እስከ 30 በመቶ ይጨመራል። ከጣሪያው በላይ የሆነው ኪራይ ከኪስሽ ነው፤ ከጣሪያው በታች ከሆነ የሚከፈልሽ ያወጣሽውን ብቻ ነው። ጣሪያው በዶላር፣ ኪራዩ በዩሮ መሆኑን አትርሺ። ጣሪያውን የሚነካ ቤት ከያዝሽ የዩሮ ምንዛሪ ከፍ ባለ ቁጥር ልዩነቱን አንቺ ትከፍያለሽ። ትንሽ አየር ተዪለት።

የምታቃጥለኝ ነገር ይህች ናት። መጀመሪያ ስትገቢ ወጪው በግምት ነው የሚሞላው፤ ኤስ ኤፍ 1190 በሚባለው ቅጽ። ዓመቱ ሲሞላ ደረሰኝ አቅርበሽ ይታረቃል። የጀርመን አከራይ ግን የሕንፃውን ዓመታዊ ሂሳብ ለማቅረብ ሕጉ የሒሳብ ዘመኑ ካለቀ በኋላ 12 ወር ይሰጠዋል። አንቺ ፋይልሽን አስታርቀሽ፣ ፎልደሩን ዘግተሽ፣ ተንፍሰሽ ተቀምጠሽ ሳለ ባለፈው ክረምት ላሞቅሽው ሌላ ደረሰኝ ይመጣል። እኔ ሁለተኛውን ዓመት ሙሉ የአንደኛውን ዓመት ማሞቂያ ስከራከር ነው ያሳለፍኩት። የማሞቂያ ደረሰኝ ቢሆንም ያቃጠለኝ እኔን ነው። መፍትሔው አሰልቺ ነው፦ ለየዓመቱ ለየብቻ ፎልደር፣ የእያንዳንዱ ወር የባንክ ዝርዝር፣ ውሉ ከነትርጉሙ። አገር ስትለቂም አትጣዪው፤ ኦዲት የሚመጣው ሰው ሁሉ ከረሳ በኋላ ነው።

ማዕዘን፦
የተለየ ሐሳብ ልናገር፤ ሁላችሁም አበሉ እንዴት እንደሚገኝ እንጂ ማን እንደሚቀር አልነካችሁም።

እኔ ወደዚህ የመጣሁት የወታደር ሚስት ሆኜ ነው። ከዚያ ተለያየን። እዚሁ ተወዳድሬ ገባሁ። ጎኔ የተቀመጠችው ከቴክሳስ መጣች፤ መደባችን አንድ፣ ደረጃችን አንድ፣ አለቃችን አንድ። ሥራውን ያሳየኋት እኔ ነኝ። የእርሷ ኪራይ ይከፈላል፤ የእኔ ከደሞዜ ይወጣል፤ ያውም የአካባቢ ጭማሪ ከሌለው ደሞዝ። አከራዩ እኮ ከየት ተቀጠርሽ ብሎ አይጠይቅም።

ሳጅን በጡረታ፦
ልጄ፣ ብሶትሽ ይገባኛል። ግን የአበሉን ስም ብቻ ሳይሆን ዓላማውንም እይው። ለቤት ችግር የተሰጠ ቢሆን ኖሮ ለአንቺም በተገባ ነበር፤ የተሰጠው ግን ሰው ለማምጣት ነው። አንቺ መጥተሽ ነበር። ለመጣ ሰው የመምጫ አይከፈልም፤ ሎጂኩ ያ ነው። ጨካኝ ሎጂክ ነውም፣ አይደለምም አልልም።

ማዕዘን፦
ሎጂኩ ገብቶኛል፣ ጋሼ። የማይገባኝ ስሙ ነው። «የመምጫ አበል» ቢሉት አንድም ቀን አልናደድም ነበር። «የመኖሪያ ቤት አበል» ሲሉት እኔ ድንኳን ውስጥ የምኖር ይመስል።

ደብዳቤ ያዥ፦
በዚህ እስማማለሁ። ከስሙ የሚመጣው ጣጣ ብዙ ነው። የሰው ኃይል ባለሙያዎቹ ራሳቸው የተሳሳቱት ቤት የተከራየን ሁሉ ብቁ ነው ብለው እያሰቡ ይመስለኛል።

በረዶ ጠራጊ፦
አንድ ጥያቄ፤ ስህተቴን ላካክስ። ከመከራየት ቤት ቢገዙስ? ኪራዩን ለሌላ ሰው ከመገፍገፍ።

ሰነድ ሰብሳቢ፦
ይቻላል፤ ግን ብዙ ሰው ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል። ሠራተኛው ወይም የትዳር ጓደኛው በገዛው ቤት ውስጥ ሲኖር እንደ ዓመታዊ ኪራይ የሚቆጠረው ከመጀመሪያው የግዢ ዋጋ እስከ 10 በመቶ ነው፤ የተገዛበት ቀን ምንዛሪ ነው የሚያዘው፤ እርሱም ከጣሪያው አያልፍም። ይህ ቢበዛ ለአሥር ዓመት ነው፤ ከዚያ የመብራትና የውኃ ዓይነቱ ወጪ ብቻ ይቀራል። ቤቱን በሚስቴ ስም አድርጌ ከእርሷ ልከራይ ያለ ሰው አውቃለሁ። ብልጠቱን ደንቡ ቀድሞት ነበር።

በዚያ ላይ የመከላከያ ሲቪል ሠራተኛ ውጭ አገር የሚቆይበት በመሠረቱ አምስት ዓመት ነው፤ ማራዘሚያ ቢኖርም የተረጋገጠ አይደለም። ለአምስት ዓመት ቤት መግዛት ድፍረት ይጠይቃል።

ወለላ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ሰነድ ሰብሳቢ እንዳለኝ ሦስቱን ጥያቄ ጻፍኩ። መጀመሪያ ስልክ ደወሉልኝ፤ «ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል፣ አትጨነቂ» አሉኝ። ቃል በቃል «አትጨነቂ»! አመስግኜ በኢሜይል ይላኩልኝ አልኩ። ስድስት ቀን ዝም አሉ። ባለቤቴ «ሥራውን ታስነጥቂናለሽ» ብሎ ሁለት ቀን አኮረፈኝ። በሰባተኛው ቀን ደብዳቤው መጣ፤ አበሉ ለመደቡ ተፈቅዷል፣ ከአሜሪካ የተቀጠርሽ በመሆንሽ ብቁ ነሽ፣ አንቀጹ ይህ ነው ይላል። አትሜ ሦስት ቦታ አስቀመጥኩት። የመመለሻ ትራንስፖርት ስምምነቱንም ፈርሜያለሁ።

ወንድሜን በተመለከተ ደብዳቤ ያዥ የጻፉትን አስነበብኩት። ተናደደ፤ ከእኔ ጋር ተከራከረ፤ ከዚያ ያመለከተበትን ቢሮ ራሱ በጽሑፍ ጠየቀ። መልሱ አጭር ነበር፦ በሁለት ቀጣሪ ምክንያት ብቁ አይደለህም። አሁን ኮንትራቱ ሲያልቅ ጠቅልሎ አሜሪካ ልግባና ከዚያ ላመልክት እያለ ነው። እኛ ስንሄድ የቨርጂኒያው ቤታችን ባዶ ስለሚሆን እርሱ ይግባበት ብለናል። ይህ ያስኬደዋል?

ደብዳቤ ያዥ፦
አንተ በሉኝ እንጂ። አዎ፣ መንገዱ አለ። ከማመልከቻው ቀን ጀምሮ ሥራውን እስከሚቀበልበት ቀን ድረስ ነዋሪነቱ በእርግጥ አሜሪካ መሆን አለበት። ሻንጣውን ሳይፈታ በእኅቱ አድራሻ ብቻ ማመልከት ግን ያንኑ የ2013 ታሪክ መድገም ነው። ሥራ ይያዝ፣ ግብሩን እዚያ ይክፈል፣ መንጃ ፈቃዱን ያውጣ፣ ይኑር።

ማዕዘን፦
ኪራይ ታስከፍዪዋለሽ?

ወለላ፦
እናቴ ስለምታነብ በይፋ አልመልስም። ጎረቤት፣ ወጥ ቤት ያለው ቤት ለማግኘት ማስታወቂያው ላይ የቱን ቃል ልፈልግ?

የቪስባደን ጎረቤት፦
«አይንባውክዩሸ» የሚለውን። ስትደርሺ ጻፊልኝ፤ የመጀመሪያውን ቤት አብረን እናያለን። ልጆቹን ይዘሽ አትምጪ፤ አከራዮች የልጅ ጫማ ድምፅ ይቆጥራሉ።